ከልክ በላይ ያበጠው የጤፍ ኬክ

ዓርብ ከሰዓት ነው... ጦርነቱ ሳይመጣ፣ ካርቱም፣ ሶባ ሰፈር እንኖር በነበረ ጊዜ። ኬኬ ኦቨን ውስጥ ሲያብጥ ተንበርክኬ በመስታወቱ አያለሁ፣ ብቻዬን እየሳቅኩ።

ልጄ ሊድያ ያን ቀን ሰባት ዓመት ሞላት። ስንዴ አይስማማትም። አይስማማትም ስላችሁ ትንሽ የሆድ ቁርጠት እንዳይመስላችሁ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ጎረቤት በሰጣት ብስኩት ሰበብ ግሉኮስ ተሰክቶላት ሆስፒታል አድራለች። ሐኪሙ ግሉተን ያለበት ነገር ባፏ እንዳይዞር ብሎ አስጠንቅቆናል።

ሚስቴ አልማዝ የካርቱሙ ሪያድ ሰፈር ሀብታም ቤት ተቀጥራ እዚያው ነበር የምታድረው። ቤቷ የምትመጣው ዓርብ ዓርብ ከሰዓት ስለሆነ ኬኩ የእኔ ዕጣ ሆነ። አሠራሩን በስልክ በድምፅ ላከችልኝ... የጤፍ ዱቄት፣ ስድስት እንቁላል፣ ስኳር፣ ትንሽ ዘይት። «እንቁላሉን እስኪነጣና እስኪወፍር ምታው፣ አትስነፍ» አለችኝ። ከዚያ በፊት ሁለቴ ሞክሬ ሁለቴም ቂጣ ነበር የወጣልኝ። ሁለተኛውን ሊድያ በጣቷ መታ መታ አድርጋ «ባባ፣ ይሄ ጫማ ነው?» ብላኛለች።

ይሄኛው ግን ከመጋገሪያ ሳህኑ አፍ አልፎ ወጣ። በጣቴ ስጫነው ተመልሶ ይነሳል። ሊድያ አንዱን ቁራጭ ስልቅጥ አደረገችና «ባባ፣ ታኒ» አለች፣ ድገመኝ ማለቷ ነው። ደገምኳት። እኔ ጾም ስለሆነ አልቀመስኩም፣ እንቁላል አለበት። ፎቶ አንስቼ ለአልማዝ ላክሁላት፣ እንድትኮራብኝ ነው እንግዲህ።

መልሷ ወዲያው መጣ። ድምፅዋ የወትሮው አልነበረም።

«ሰለሞን... ጤፍ እንዲህ አይነሳም። እኔ ስሠራው እንኳ እንዲህ ሆኖልኝ አያውቅም። ዱቄቱን ከማን ነው የገዛኸው? እንዳትሰጣት።»

እንዳትሰጣት አለች... ሊድያ ጣቷን እየላሰች ነው።

ዱቄቱን የገዛሁት መንገዳችን ጫፍ ላይ ዱካን፣ ትንሽ ሱቅ፣ ካላቸው ከእትዬ ዘነቡ ነው። ካርቱም ውስጥ የጤፍ ዱቄት ሻጭ ሁሉ ንጹህ ነው ብሎ ይምላል። ገዢው ሁሉ ደግሞ የሆነ ነገር እንደተቀላቀለበት ያውቃል። ማንም ማንንም አይጠይቅም። እኔም አልጠየቅኩም። የልጄን ነገር ይዤ በይሉኝታ ገዝቼ ገባሁ።

ጾሜን ገድፌ ኬኩን ቀመስኩት። ስንዴ ስንዴ አለኝ። ደግሜ ቀመስኩት... ጤፍ ጤፍ አለኝ። የፈራ ሰው ምላስ ምን ይለያል። የሊድያን ሆድ ዳሰስኩት።

«ያምሻል?»

«አያመኝም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

ለሦስተኛ ጊዜ ስጠይቃት ፊቷ ተለወጠ። «ባባ፣ ልሞት ነው?» አለችኝ።

ብድግ አድርጌያት ሮጥኩ። ጫማ አላደረግኩም። የሶባን አሸዋ በዚያ ሰዓት በባዶ እግር የረገጠ ያውቀዋል... እኔ ግን ምንም አልተሰማኝም።

ዱካኑ ውስጥ ሁለት ሴቶች ዱቄት እያስመዘኑ ነው።

«እትዬ ዘነቡ፣ ጤፉ ውስጥ ምን አለ?»

«ወላሂ ጤፍ ብቻ ነው፣ በማርያም። ምን ሆነህ ነው ልጄ?»

ወላሂንም ማርያምንም ባንድ ትንፋሽ ሲጠሩ ይብስ ደነገጥኩ። ሊድያን ጠረጴዛው ላይ፣ ሚዛኑ አጠገብ አስቀመጥኳት።

«እትዬ፣ ልጣላዎት አልመጣሁም። ይቺ ልጅ ስንዴ ከበላች ትታመማለች። አሁን ከእርስዎ ዱቄት በልታለች። ስንዴ ካለበት ከዚሁ ይዣት ሆስፒታል ልሂድ። ብቻ እውነቱን ይንገሩኝ።»

ሴቶቹን አዩ። ከዚያ ሊድያን አዩ፣ ከንፈሯ ላይ የኬክ ፍርፋሪ አለ።

«ጤፍ ብቻ አይደለም» አሉ ቀስ ብለው።

«ስንዴ ነው?»

«ስንዴ አይደለም። ፌተሪታ ነው... ግማሽ በግማሽ።»

ፌተሪታ የሱዳኖች ነጭ ማሽላ ነው። ማሽላን ሐኪሙ ፈቅዶልናል። ግን ቅድም የማሉት ሌላ፣ አሁን የሚሉት ሌላ... የቱን ልመን? እሳቸውም የገባቸው መሰለኝ፣ ጎንበስ ብለው ከጠረጴዛው ሥር ጆንያውን ጎትተው አፉን ፈቱልኝ። እጄን እስከ ክርኔ ከተትኩት። ማሽላ ነው።

«ሌላውንም ፈትሽ» አሉኝ። ዱካኑን ጥግ ለጥግ ፈተሽኩት። አንዲት ፍሬ ስንዴ የለም።

«ስንዴ ከፌተሪታ ይወደዳል ልጄ። ምን ብዬ በሱ እቀላቅላለሁ» አሉ፣ ወደ እኔ ሳያዩ።

አንደኛዋ ሴት ዱቄቷን ሚዛኑ ላይ ትታ ወጣች። ሁለተኛዋም ተከተለቻት። እትዬ ዘነቡ አልጠሯቸውም። ለሊድያ ውኃ ቀዱላት።

አልማዝ ከሀፍላው፣ ከአውቶቡሱ፣ ወርዳ እየሮጠች ስትደርስ ዱካኑ ደጃፍ ተቀምጠን አገኘችን። የሆነውን ነገርኳት። ሊድያን አገላብጣ አየቻት፣ ሆዷን ዳሰሰች፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«እንቁላሉን ስንት ደቂቃ መታኸው?»

«ሃያ... ሃያ አምስት ይሆናል።»

«በእጅህ?»

«ታዲያ በምን?»

ኬኩን ያነሳው ለካ እንቁላሉ ነው። አንዴ ባልሰንፍ ይሄን ሁሉ መዘዝ አመጣሁ።

ሳምንቱን ሙሉ የሊድያን ሆድ ስዳስስ ሰነበትኩ። ምንም አልሆነችም። ካርቱም ውስጥ ብዙ ሰው አታሎኛል... ጉልበት የሳምኩት ግን የእትዬ ዘነቡን ብቻ ነው።