የአዳሙ ጉንጭ

ባለፈው ኅዳር ቡሬ ላይ የመጽሐፍ መደርደሪያ ላሠራ አንድ አናጢ ቤት ገባሁ። ከነቀምቴው መገንጠያ ወረድ ብሎ፣ ባጃጅ ከሚታጠብበት ሜዳ ጀርባ ያለ የቆርቆሮ ዳስ ነው። አናጢው ሳንቃ እየላገ ነበር። ገና ደጃፉ ላይ ሽታው ተቀበለኝ፤ ደረቅ፣ ለስለስ ያለ፣ ማር የነካው አቧራ የሚመስል ሽታ። ዋንዛ ነው። አናጢው ቀና ብሎ "በምን ይሠራልሽ?" ሲለኝ ልቤ ፍኖተ ሰላም፣ ጋሽ ይበልጣል ጓሮ ደርሶ ነበር። "ባህር ዛፍ ይሁን፣ ቢጣመምም ይጣመም" ብዬው ወጣሁ። እኔ ቤት ሌላ ዋንዛ አይገባም።

ጋሽ ይበልጣል የቅርብ ጎረቤታችን ነበሩ። የሁለታችንን ጓሮ የሚለየው አንድ ረድፍ ቅንጭብ ነው፤ እሱም ቢሆን እኔ የምሾልክበት ክፍተት ነበረው። ከአዲስ አበባ ጎንደር የሚመላለስ ኤንትሬ የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረዋል፤ ቤታቸው የሚያድሩት በወር ሁለት ቀን ቢሆን ነው። አንድ ልጅ ነበራቸው፣ አዳሙ። እኔ አንደኛ ክፍል ስገባ እሱ አሥረኛ ነበር። ሰኔ ላይ ጭቃው ሲበረታ አዝሎኝ ነበር ትምህርት ቤት የሚያደርሰኝ። ከዚያ የባድመ ጦርነት መጣና ከተመዘገቡት የሰፈር ልጆች ጋር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በአውቶብስ ሄደ። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ፣ እናቱ ተስፋ ማድረግ ከጀመረች በኋላ፣ መርዶው ደረሰ።

ለቅሶው ላይ ፎቶ አልነበረም። በእኛ አገር ሬሳ የሌለው ለቅሶ ከባድ ነው፤ ፎቶም ከሌለው አይጣል ነው። የነበረችው አንዲት ጉርድ ፎቶ የተማሪ መታወቂያው ላይ ነበረች፤ እሷንም ኪሱ ከቶ ሄዷል። አልቃሿ የአዳሙን ሹራብ በሁለት እጇ ዘርግታ ይዛ ስታስለቅስ፣ ጋሽ ይበልጣል ድንኳኑ ጥግ ቆመው ባዶውን የአንገት ቀዳዳ ያዩ ነበር። ሌላው ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እሳቸው ያዩ ነበር።

ከዚያ ወዲያ መኪና አልነዱም። "እጀ መሪ አልይዝ አለኝ" አሉ። ጓሮ በርጩማ አውጥተው፣ ሰንጢያቸውን መዘው፣ እንጨት መፋቅ ጀመሩ። መጀመሪያ ማማሰያ ሆነ፤ ቀጥሎ ጭልፋ፤ ቀጥሎ ማንም የማይበላበት ወፍራም ማንኪያ። ለእኛ ቤት ብቻ አምስት ማማሰያ ደረሰን። ስድስተኛውን የላኩ ቀን እናቴ "ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት አሉ" ብላ ሳቀችና፣ የተናገረችው ሲገባት ከንፈሯን ነከሰች።

እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቅንጭቡን ሾልኬ አጠገባቸው እቀመጣለሁ። ፍቅፋቂው ጭናቸው ላይ ይከመራል፤ እሱን በብርጭቆ ስባሪ ማለስለስ የእኔ ሥራ ነበር፤ የሠሩትን ማለቴ ነው፣ ፍቅፋቂውን አይደለም። ብዙ አያወሩም። ካወሩም የሚያወሩት ስለ እንጨት ነው። ባህር ዛፍ ኮረብታውን ሁሉ ሞልቶት ሳለ እሳቸው አይወዱትም፤ ሲደርቅ ይጣመማል። ብሳና ለስላሳ ነው፣ ግን ነቀዝ ይወደዋል። ወይራ ሰንጢ ይመልሳል። "የሚሆነው ዋንዛ ነው" ይላሉ። ዋንዛ ደግሞ እንደ ልብ የት ይገኛል! የቀረው በቤተ ክርስቲያን ቅጥርና በየማሳው መሀል አንድ አንድ ነው፤ የማሳውንም ያለ ግብርና ፈቃድ የሚነካው የለም። ደምበጫ ገበያ ቢሄዱ እርጥብ ግንድ አሳዩዋቸው። "እርጥቡ ዛሬ ቢያምር ከርሞ ይሰነጠቃል" ብለው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ፈረስ ቤት ድረስም ወጥተው ነበር፤ ከዚያ ያመጡት ብርድና ሳል ብቻ ነው።

ለማማሰያ ይህን ያህል መንከራተት ሰፈሩን አስገርሞ ነበር። ሰው "ሙቀጫ ሊሠሩ ነው" አለ፤ እሳቸውም አላስተባበሉም። እውነቱን የነገሩት ለእኔ ነው፤ ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

"የአዳሙን ፊት ልሠራው ነው፣ ለሙት ዓመቱ" አሉኝ። "ለማንም እንዳትነግሪ። ጣዖት ሠራ ይሉኛል።"

ይሉም ነበር። በእኛ ዘንድ ሥዕል ይሰቀላል፣ ይሳለሙታል፤ ከእንጨት የተቀረጸ የሰው ፊት ግን ሌላ ነገር ነው። ቄሱ ቢሰሙ ንስሐ ይሰጧቸዋል፤ ጎረቤት ቢሰማ ከቄሱ ይብሳል። ለዚህ ነው ለባለቤታቸው ለእትዬ ጥሩወርቅ እንኳ ያልነገሯት።

ዋንዛው በመጨረሻ የተገኘው ከቡሬ ወዲያ፣ ገጠር ውስጥ ነው። አንድ የአዊ ሽማግሌ ገበሬ ከብት ሲያጠጡበት የኖሩት አሮጌ ገንዳ ተሰንጥቆ ደጅ ተጥሎ ነበር። አባታቸው የጠረቡት ነው አሉ። ደህና የነበረውን ወፍራም ጫፍ በመጋዝ ቆርጠው "ሙቀጫም ይሁን ሌላ፣ ቀን ይውጣለት" ብለው ሰጧቸው። ጋሽ ይበልጣል በማዳበሪያ ተሸክመው ሲገቡ ፊታቸው በርቶ ነበር። ከመርዶው ወዲህ እንደዚያ አይቻቸው አላውቅም።

አሮጌ ጎማ በሚያስቀምጡበት ክፍል ውስጥ በር ዘግተው ሠሩት። ግንባሩ የራሳቸው፣ አፍንጫው የእትዬ ጥሩወርቅ ስለነበረ አልቸገራቸውም። እጃቸውም በዚያ ሁሉ ማማሰያ ተገርቷል። ጉንጩ ላይ ሲደርሱ ግን ቆሙ። አንድ ሳምንት ሙሉ እንጨቱን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

"ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣብኝ የሰባት ዓመቱ አዳሙ ነው" አሉኝ። "ሲያድግ እኔ መንገድ ላይ ነበርሁ።" ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። "አንች ጀርባው ላይ ነው ያደግሽው። ሲስቅ ጉንጩ እንዴት ይሆን ነበር? ሕፃን አይዋሽም፤ በይ ንገሪኝ ልጀ።"

ጀርባው ላይ ነበር ያደግሁት፤ ችግሩም እሱ ነው። የማውቀው ማጅራቱን ነው። የሸሚዙን ኮሌታ፣ ከጆሮው ኋላ ያለችውን ጭረት፣ የላቡን ሽታ አውቃለሁ። ፊቱን ብፈልገው ብፈልገው አጣሁት። ይህን ብላቸው ምናልባት ሁሉም ነገር ሌላ ይሆን ነበር። እሳቸው ግን እንደዚያ እየለመኑኝ አላውቅም ማለት አስፈራኝ። ቤታችን ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ካላንደር ላይ ጉንጯ ጎድጎድ ብሎ የምትስቅ ልጅ ነበረች፤ እሷ ታየችኝ።

"ስርጉድ ነበረው" አልኩ። "በግራ በኩል።"

ጋሽ ይበልጣል ጉልበታቸውን መቱ። "አዎን! አዎን! እንዴት ረሳሁት!" እንባቸው ወረደ፤ ሰንጢውን አንስተው እያለቀሱ ጉንጩን መፈልፈል ጀመሩ። እኔም ደስ አለኝ። እግዜር ይይልኝ፣ ደስ አለኝ።

በሙት ዓመቱ ዋዜማ ጠዋት እትዬ ጥሩወርቅን ጠርተው አስገቧት፤ እኔም በሩ ጥግ ቆሜ ነበር። ፊቱ በነጠላ ተሸፍኖ ጎማ ላይ ተቀምጧል። ገለጡት። ጎንበስ ብላ አየችው። እጇን ሰደደችና ግንባሩን፣ ከዚያ አፍንጫውን ነካች። ጣቷ ስርጉዱ ውስጥ ሲገባ ተሸማቀቀች።

"ይኸ የማን ልጅ ነው?" አለች።

"ጥሩ፣ አዳሙ እኮ ነው…"

"ልጀ ስርጉድ አልነበረውም።" ዕድሜዋን ሙሉ ባሏን "እርስዎ" ስትል የኖረች ሴት ያን ቀን እንደዚህ አለች፦ "እነሱ አካሉን አስቀሩብኝ፤ አንተ ደግሞ መልኩን ቀማኸኝ።"

ጋሽ ይበልጣል እኔን አዩኝ። መሬት መሬቱን አየሁ። ነገሩ ሁሉ እንደገባቸው አውቃለሁ። ሆኖም "እኔ ነኝ የተሳሳትሁ" አሏት።

ከማግስቱ ጀምሮ ሊያስተካክሉት ሞከሩ። ከእንጨት የወጣ አይመለስም፤ ስርጉድ ለማጥፋት ያለው መንገድ ጉንጩን በሙሉ እስከ ጉድጓዱ ድረስ መፋቅ ነው። ፋቁት። ግራው ሲጎድል ቀኙ አበጠ፤ ቀኙን ፋቁት። ፊቱ ከሳ። አፍንጫው በዛበት፤ አፍንጫውን ቀነሱት። ልጁ ዓይናችን እያየ የታመመ መሰለ፣ ከዚያ አረጀ፣ ከዚያ ማንም መሆኑን ተወ። እኔ "ይብቃዎ ጋሽ ይበልጣል" ለማለት አፍ አልነበረኝም። ክረምቱ ሲወጣ መዳፋቸው ውስጥ የምትገባ ድቡልቡል ነገር ቀረች፤ እሷንም በብርጭቆ ስባሪ ያለሰልሷት ነበር፣ በራሳቸው እጅ።

አሥረኛ ክፍል ስደርስ ያ ከፈረስ ቤት ያመጡት ሳል አልጋ ላይ ጣላቸው። ልጠይቃቸው ስገባ ክፍሉ ውስጥ እኛ ብቻ ነበርን። ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ "ስርጉድ ነበረው፣ አይደል?" አሉኝ። "እሷ ረስታ ነው እንጅ… እኔ እኮ አሁንም ሲስቅ አየዋለሁ።"

ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ እውነት መናገር ጽድቅ ነው ብዬ የማምንበት ዕድሜ። አለቀስኩና ነገርኳቸው። ማጅራቱን ብቻ እንደማውቅ፣ ካላንደሩን፣ ሁሉንም። በጥሞና ሰሙኝ። አልተቆጡም።

"እንግዲያስ" አሉ፣ ቀስ ብለው፣ "ይኸን ሁሉ ዘመን ማንን ነው ሳለቅስ የኖርሁት?"

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በሳምንቱ ቀበርናቸው።

ከአርባቸው በኋላ እትዬ ጥሩወርቅ አስጠራችኝና "ያንችው ናት፣ ውሰጃት" ብላ ያቺን እንጨት በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ውሸቴን አውቃ ይሁን ሳታውቅ፣ ይቅር ብላኝ ይሁን ረግማኝ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ልብሴ መሀል ሸሽጌ አኖራታለሁ። አንዳንድ ቀን አውጥቼ አገላብጣታለሁ፤ በየትኛው ጎኗ እንደሆነ ፊት የነበራት፣ አይታወቅም።