ግማሽ፣ ከስንት ሙፎ?

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ ደብተሩን ይዞ መጣ። ግማሽና ግማሽን ደምሮ ሁለት አራተኛ ብሏል፤ እሱንም አቃልሎ ግማሽ ላይ አሳርፎታል። ቀይ እስክሪብቶ አንስቼ ነበር፤ እጄ ግን መንገድ ላይ ቀረ። ይህን ስህተት አውቀዋለሁ። ከዓመታት በፊት እዚሁ ጭሮ ከተማ ውስጥ ከአንዲት ትንሽ ልጅ አፍ ሰምቼዋለሁ።

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ትምህርቴን አቋርጬ ሒሳብን ከአሮጌ መጻሕፍት ለብቻዬ ነበር የተማርኩት። ክረምት ሲገባ በተከራየሁበት ቤት በረንዳ ላይ የሠፈር ልጆችን ማስጠናት ጀመርኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ድምፅ አይሰማም፤ ድሮም ዝምተኛ ነኝና ብዙ አልተቸገርኩም። በአፌ ፈንታ በሙፎ አስተምር ነበር። ሙፎ በእኛ አገር ክብና ወፍራም የማሽላ ቂጣ ነው። እናቶች በሳህን ይልኩልኛል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ልጆች ቤት፣ ከኢፍቱና ከቤዛ ይመጣል። በቢላ ሲቆረጥ ስለሚፈረፈር ክር ወጥሬ ልክ መሐሉ ላይ አሳልፍበታለሁ። የእያንዳንዱን ግማሽ ልጆቹ ይበሉታል፤ ሌላው ግማሽ በመጣበት ሳህን ይመለሳል። የጎረቤት ሳህን ባዶውን አይላክም፤ እኔ ደግሞ ሌላ የምጨምርበት ነገር አልነበረኝም።

ከሁሉም ፈጣኗ ኢፍቱ ነበረች። ቤተሰቧ ከመሰላ ወደ ጭሮ ሲዛወር አንድ ዓመት ከትምህርት ቀርታለች። ርዕሰ መምህሩ «ጠይቄያት ከመለሰች አራተኛ ክፍል፤ ካልመለሰች ከታናሽ ወንድሟ ጋር ሁለተኛ ክፍል» ብለዋል። አባቷ ደግሞ «ከታናሿ ጋር ከምትቀመጥ ቤት ትዋል፤ እናቷን ታግዝ» ብሎ ቆርጧል።

ጭቃው ገና ባልደረቀበት የመስከረም ጠዋት፣ ከኢፍቱና ከእናቷ ከአዴ ዘሃራ ጋር ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባን። ድምር ጠየቋት፤ ቶሎ መለሰች። ስምንት አሥራ ስድስተኛን አቃልዪ አሏት፤ «ግማሽ» አለች። አዴ ዘሃራ በሻሿ ጫፍ ላቧን ጠረገች።

«የመጨረሻ፣» አሉ ርዕሰ መምህሩ። «ግማሽ ሲደመር ግማሽ?»

ቀላሉ መጣላት ብዬ ፈገግ አልኩ።

«ሁለት አራተኛ። ሲቃለል ግማሽ!»

ጆሮዬ ጭው አለ። ክረምቱን ሙሉ የደከምኩበት ነገር ዓይኔ እያየ ተናደ።

«ይኼን ነው ያስተማርካት?» አሉኝ።

«ያ ረቢ! ምን አጠፋች?» አለች አዴ ዘሃራ።

«ግማሽና ግማሽ ተደምሮ ግማሽ ነው አለች፣ እናት። ታዲያ ሌላው የት ገባ?»

«ሌላውማ በሳህኑ ተመለሰ፣» አለች ኢፍቱ፣ እንዴት ይኼ ይጠፋዎታል በሚል ድምፅ። «የእኛ ሙፎ ግማሽ፣ የቤዛ ሙፎ ግማሽ። አራት ቁራሽ ነበር፤ ሁለቱን በላን።»

እንደገና ደነገጥኩ። ልጅቷ ያየችውን ነበር የተናገረችው። ክረምቱን ሙሉ በረንዳዬ ላይ አንድ ሙፎ ተበልቶ ሲያልቅ አይታ አታውቅም።

ርዕሰ መምህሩ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «እሺ፤ ሁለቱም ግማሽ ከአንድ ሙፎ ቢሆኑስ?»

«ከአንድ?» ኢፍቱ ዓይኗ ፈጠጠ። እናቷን አየች፤ እኔን አየች። «ከአንድማ ከሆነ ሙሉውን በላነው! ሳህኑ ባዶውን ሊመለስ ነው?»

ርዕሰ መምህሩ እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ እስክሪብቷቸውን አንስተው «አራተኛ ክፍል» ብለው ጻፉ።

አዴ ዘሃራ ግን አልሳቀችም። በሩ ላይ ክንዴን ያዘችና «አንተ ልጅ፣ ልቤን ልታቆመው ነበር!» አለችኝ። «ከዛሬ ጀምሮ የእኔን ሙፎ ጨርሱት። ሳህኔን ባዶውን ላክልኝ፤ ፈቅጄልሃለሁ።»

ይህን ሁሉ እያሰብኩ ወደ ጎረቤቴ ልጅ ዞርኩና «ይኼ ግማሽ ከስንት ሙፎ ነው?» አልኩት። ደስ የሚል መልስ ጠብቄ ነበር።

«የምን ሙፎ፣ ቲቸር? ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ ደመርኩ እንጂ!»

ደነገጥኩ። መልሱ ከኢፍቱ መልስ ጋር አንድ ነው፤ ከበስተኋላው ግን አራት ቁራሽ የለም፣ ሳህን የለም፣ ምንም የለም። ቀዩን እስክሪብቶ አስቀመጥኩና ክር ፍለጋ ተነሳሁ።