ለቅሶ የሌለበት ድንኳን

ወንድሞችና እህቶች፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ጌታ በቤቴ ያደረገውን ልመሰክር ቆሜአለሁ። አስቀድሜ ሰዎቹን ልጥራ። ሴት ልጄ ብርቱካን፤ እናቷ አበቡ፤ የሰፈራችን ወጣቶች ሰብሳቢ ደሳለኝ፤ ጎረቤታችን እማማ ጥሩዬ። አምስተኛው እኔ ነኝ፣ የእድራችን ዳኛ የነበርሁት።

እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት ግንብ እየሠራሁ፣ የሲሚንቶ ከረጢት እያነበብሁ ነው። ስለዚህ ሰው ከጨከነ የማይችለው የለም እል ነበር። አበቡ ወደዚህ ጉባኤ ስትመጣ፣ "ሂጂ አንቺ፤ እኔን ያስተማረኝ ጭንቅላቴ ነው" ብዬ እቀር ነበር።

ብርቱካን ስትናገር ትንተባተባለች። ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ ልጆች ሳቁባት፤ ከቤት ውጭ መናገር ተወች። ገበያ ስትላክ በጣቷ ጠቁማ ትገዛለች። እኔ "ቀጥ አድርገሽ ተናገሪ" ስላት ይብስባታል። ጎንደር ወስጄ ያሳየኋት ሐኪም፣ "አባቴ፣ ምላሷም ጉሮሮዋም ጤነኛ ነው። ሳይቸኩል የሚሰማት ሰው ያስፈልጋታል" አለኝ። መድኃኒት ሳይሰጠን ስለሸኘን ዳባት እስክንደርስ ተነጫነጭሁ።

በኋላ ወጣቶች ተገናኝተው እንዲማሩበት አነስተኛ የማኅበረሰብ ድጋፍ ገንዘብ ወደ ከተማችን ደባርቅ መጣ። እነደሳለኝ መጻሕፍትና አግዳሚ ወንበር ገዙበት። ቅዳሜ ቅዳሜ በየተራ ቆመው ያነባሉ፤ አንባቢው እስኪጨርስ ማንም ትንፍሽ አይልም። ብርቱካን ከኋላ መቀመጥ ጀመረች። አንድ ቀን ለእናቷ፣ "የፊታችን ቅዳሜ እኔ አነባለሁ" አለቻት። አበቡ አለቀሰች።

በዚያው ሳምንት የሐምሌ ነፋስ የመሰብሰቢያቸውን ጣሪያ ገነጠለው። ደሳለኝ መጣ።

"ጋሼ፣ የእድሩን ድንኳን ያውሱን። እርስዎ ግቢ እንትከለው።"

"ድንኳን ያለ ሬሳ አይተከልም። ሞት ይጠራል ይባላል።"

"እርስዎ ያምኑበታል?"

"እኔ አላምንም፤ እድሩ ያምናል።"

አበቡ ከጓዳ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ልጅህ ስትሞት ነው የምትተክልላት?" አለችኝ።

ወንድሞች፣ ይህ ቃል ወጋኝ። ጓሮ ወጥቼ፣ "የአበቡ አምላክ፣ የእኔ ጭንቅላት እዚህ ላይ አልቆበታል። ካለህ ልጄን አናግራት" አልሁ። የመጀመሪያ ጸሎቴ ነበር። ድንኳኑንም ሰጠሁ።

ቅዳሜ ብርቱካን መጽሐፉን ይዛ ቆመች። የመጀመሪያው ቃል አልወጣ አላት። ሳንቸኩል ጠበቅናት። ድንገት ከውጭ ዋይታ መጣ። እማማ ጥሩዬ ከጠዋት ድንኳኑን አይተው፣ ግቢው የእኔ ነውና የሞትሁት እኔ መስያቸው፣ ንፍሮ ሲቀቅሉ አርፍደዋል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ሴቶች አስከትለው፣ "ወየው ወንድሜ! ለአበቡ ማን አለላት!" እያሉ ገቡ። እኔ ፊት ለፊታቸው ተቀምጫለሁ።

ሁላችንም ደንግጠን ሳለን ልጄ ተናገረች። "እ... እማማ፣ ማንም አልሞተም። አባቴ ይኸውና። እርስዎም ይቀመጡ፣ ላነብ ነው።"

እማማ ጥሩዬ ገልመጥ አድርገው አዩኝ። "አለህ እንዴ? ታዲያ ይህን ሁሉ እንባ ማን ይመልስልኛል?" አሉና ተቀመጡ። ብርቱካንም አነበበች፤ እየተንተባተበች፣ እስከ መጨረሻው። አልቃሾቹ ንፍሮውን እየቆረጠሙ ሰሟት። የጌታ ስም ይባረክ።

በማግስቱ ከአበቡ ጋር እዚህ መጥቼ ተንበረከክሁ። ልጄ አሁንም ትንተባተባለች፤ ጌታን በውሸት አላከብርም። ነገር ግን ገበያ ሄዳ በአንደበቷ ትከራከራለች፤ ቅዳሜ ደግሞ ታናናሾቿን ታስነብባለች። ልጅ ያላችሁ ሆይ፣ በጌታ ታመኑ፤ ልጃችሁንም ጀምሮ እስኪጨርስ ስሙት። ጌታ እኔን ሰምቶኛል፤ እናንተንም ይሰማል።

እድሩ ያለ ለቅሶ ድንኳን በመስጠቴ ቀጣኝ፤ ደንቡን ያጸደቅሁት እኔው ነኝና አልተከራከርሁም። ወጪያችንን ስደምረው፣ ከእኔ አንድ የቅጣት በግና ዳኝነቴ፣ ከእማማ ጥሩዬ አንድ ድስት ንፍሮና ያለ ሟች የፈሰሰ እንባ፣ ከብርቱካን ደግሞ ያቺ አልወጣ ብላት የነበረችው የመጀመሪያ ቃል ናት። ሁላችንንም ያስወጣን ይኸው ነው።