የላብራቶሪያችን ስኬት

እስከ ዛሬ ጭብጨባ ስሰማ ይቀፈኛል። እህቴ አልማዝ አልጋ ከያዘች ሁለት ዓመቷ ነበር። ሐኪሙ «የነርቮቿ ሽፋን እየተበላ ነው፤ እንደተላጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሆነዋል» ብሎኛል። አንድ ቀን ፒያሳ ኢንተርኔት ቤት ቁጭ ብዬ፣ ፈረንጆች ያንን ሽፋን የሚሠሩትን የአንጎል ህዋሳት ስቴም ሴል ከሚባለው፣ ወደ ሌላ ዓይነት ህዋስ መለወጥ ከሚችለው የሰው ህዋስ ማሳደግ እንደቻሉ አነበብኩ። የባዮሎጂ መምህር ነኝና በማግስቱ በአንድ ለአምስት ስብሰባችን ላይ ለባልደረቦቼ በደስታ አወራሁት። የቡድናችን ጠርናፊ አንገቱን ደፍቶ ይጽፋል።

በወሩ መጨረሻ፣ ጠዋት፣ አዳራሽ ሞልተን ሪፖርት ሲነበብ ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። «የትምህርት ቤታችን መምህራን በአንድ ለአምስት ተደራጅተው ባደረጉት ርብርብ፣ ከስቴም ሴል የአንጎል ህዋስ ማሳደግ ችለዋል!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ላብራቶሪያችን ውስጥ ያለው እኮ ሌንሱ የተሰነጠቀ አንድ ማይክሮስኮፕ ነው! ልነሳ ስል ጠርናፊው ጉልበቴን ጫን አድርጎ «የደረጃ ዕድገትህን ካልጠላህ አርፈህ ተቀመጥ» አለኝ። ተቀመጥኩ። ስሜ ሲጠራም ወጣሁ፤ እጅ ነስቼ የምስክር ወረቀት ተቀበልኩ። ሊዘግብ የመጣ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ማይክሮፎን ሲደቅንብኝ «ሥራው ይቀጥላል» አልኩት።

ከሰዓት በኋላ ቤት ስገባ፣ አልማዝ ጎረቤታችን አጥባት፣ የፋሲካ ቀሚሷን ለብሳ፣ ሁለት ዓመት ያልረገጠችበትን ጫማ ተጫምታ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ በትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ራስጌዋ ያለው ሬዲዮ ክፍት ነው።

«ጋሼ፣ ሰማሁህ» አለችኝ። «ለምን ደበቅከኝ? በል ደግፈኝና እንሂድ፣ ላብራቶሪያችሁ ሳይዘጋ።»