ማታ የሚመለስ ድንጋይ

ናፍጣ ከገለባ ጋር ሲሸተኝ አያቴ የወሰን ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይታዩኛል።

ልጅ ሳለሁ ዳባት፣ ስንዴያችንን ሊያጭድ ኮምባይነር መጣ። ሹፌሩ፣ «በየማሳው ከምሽከረከር ከዳር እዳር ልሂድ፤ ናፍጣም ጊዜም ይተርፋል። የወሰኑን ድንጋይ አንሱልኝ» አለ። ጎረቤቶቻችን፣ «ማታ እንመልሰዋለን» ብለው ተስማሙ። አያቴ ግን ከድንጋያቸው አልነሳም አሉ። መኪናው እያጓራ ዞሯቸው ሄደ። አያቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ድንጋዩ ምን ያደርጋል? የሚመልሰውን እጅ እዪ» አሉኝ።

ዛሬም ኮምባይነሩ እዚያው ማሳ ላይ ነው። የወሰናችንን ድንጋይ ያነሳው የአያቴን መሬት አብሬው የተካፈልኩት ወንድሜ ነው። «ሂጂ እቴ፣ እረፊ፤ ማታ እኔው እመልሰዋለሁ» ይለኛል።

ፀሐይ አዘቅዝቃለች። አልሄድኩም። እጁን አያለሁ።