ማጆክ የተባልኩበት ቀን

ጁባ ታውን ሰፈር ካለው፣ ከምሠራበት ሆቴል ወታደሮች ሲወስዱኝ የአስተናጋጅነት ሽርጤን እንኳን አላስፈቱኝም። የእስር ክፍሉ በር ላይ መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ የሽንት ባልዲና የሰው ላብ። የጣሪያው ቆርቆሮ ግሏል። ጥግ ላይ አንድ ሽማግሌ በወባ እየተንቀጠቀጡ ተኝተዋል። አወቅኋቸው። ሆቴላችን አዳራሽ ውስጥ ስለ መንግሥት በተመከረበት ቀን ሻይ የቀዳሁላቸው እኔ ነኝ። እሳቸውም አወቁኝ።

ዲንካ ናቸው። የምንግባባው በስብርባሪ የጁባ ዐረብኛ ነው። ትኩሳቱ ፋታ ሲሰጣቸው ሁለት እጃቸውን እንደ ቀንድ ቀስረው ያንጎራጉራሉ። ለማን እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ለበሬዬ። ማጆክ ነው፤ ጥቁርና ነጭ።»

«እኛ ቡሬ እንለዋለን» አልኩ ደስ ብሎኝ። «ጎበዝ አራሽ ነው?»

ምነው ምላሴን በቆረጠው። አስተያየታቸውን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

«ቀንበር? በእሱ ጫንቃ ላይ?» አሉ። «ልጄ፣ በሬ እኮ የሚዘፈንለት ነው። ሰው የሚጠራው በበሬው ቀለም ነው። እኔም ማጆክ ነኝ። ያንተስ በሬ?»

«የለኝም።»

አዘኑልኝ። በዚያ ሁኔታቸው እሳቸው ለእኔ አዘኑ። «ከመንጋዬ አንድ ወይፈን አለ፤ ቀለሙ የእሱው ነው። ያንተ ይሁን። ከእንግዲህ ማጆክ ነህ።»

ከቀትር በኋላ መርማሪው አስጠራኝ። «ሐበሺ» ነው የሚለኝ። ወረቀት ገፋ አደረገልኝ።

«ሽማግሌው ስብሰባው ላይ ነበር ብለህ ፈርም። ዛሬውኑ ኮር ዊሊያም ሰፈር፣ ልጆችህ ጋ ትገባለህ።»

ምን እዋሻለሁ፣ እስክሪብቶውን አንስቻለሁ። የትንሿ ልጄ ፊት ድቅን ብሎብኝ ነበር። ልፈርም ነበር።

«ስም?» አለ።

«ማጆክ» አልኩት።

እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም። ከዚያ በኋላ ግን መፈረም አቃተኝ። በጥፊ አጮለኝ፤ ግራ ጆሮዬ አሁንም ይጮኻል።

ስመለስ ሽማግሌው እጃቸውን ማንሳት ተስኗቸዋል። ብዙም ሳይቆዩ ሁለት ወታደሮች ሊወስዷቸው መጡ። ለካ የእኔ ፊርማ ኖረ አልኖረ ለውጥ አልነበረውም። በብብታቸው ይዘው ጎተቷቸው። ሌላ ምን አቅም አለኝ? ብድግ ብዬ ሁለት እጄን እንደ ቀንድ ቀሰርኩላቸው። በሩ ላይ ዞረው አዩኝ።

ከተፈታሁ ቆይቻለሁ፤ እዚሁ ጁባ ነኝ። የት እንዳደረሷቸው የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። ወይፈኑም፣ በሕይወት ካለ፣ ዛሬ ትልቅ በሬ ነው። ከብት ነጂዎች በካቶር ሰፈር በኩል ሲያልፉ ቆሜ አያለሁ። ጥቁርና ነጭ ካየሁ ቡሬ ማለት አይሆንልኝም። በስማችን እጠራዋለሁ።