የእማማ ዶርቃ ነጭ በቆሎ

ሥራ በጀመርኩበት ቀን ሱፐርቫይዘሬ ቦት ጫማ፣ ሜትርና በየርቀቱ የተቋጠረ የመዝሪያ ገመድ ሰጠኝና ከጂንካ በላይ ወዳለች ቀበሌ ላከኝ። የልማት ሠራተኛ አፉ ምርጥ ዘር፣ እግሩ ጭቃ ነው አለኝ። ጭቃው ወዲያው ተቀበለኝ።

እኔ የጎፋ ሰው ነኝ፤ በእንግድነቴ ያስጠጉኝ እማማ ዶርቃ ናቸው። ምርጥ ዘሬን ግን እንቢ አሉ። ከእናታቸው የወረሱትን ነጭ በቆሎ ከነሽፋኑ ከምድጃው በላይ ሰቅለው በጢስ ያቆዩታል፤ ማዳበሪያም መድኃኒትም አያስነኩትም። ለሕፃን ገንፎ ብለው ከከተማ መጥተው የሚገዟቸው ነበሩ። እኔም ሪፖርቴ ላይ "አልተቀበሉም" ብዬ እየጻፍኩ እሸታቸውን እበላ ነበር።

በአንድ ክፉ ዓመት ታናሽ ወንድማቸው ጋሽ ጴጥሮስ ከዲመካ ገበያ ከውጭ የመጣ አንድ ጆንያ ቢጫ የእርዳታ በቆሎ ገዝተው መጡ። ቀለሙ ቢያምራቸው ከቀለቡ ላይ ቀንሰው ዘሩት። ማሳቸው ከእህታቸው ማሳ ጋር ድንበርተኛ ነው፤ ሁልጊዜም በደቦ በአንድ ቀን ያስዘሩታል። ያን ዓመትም አብሮ ተዘራ፣ አብሮ አበበ።

ሲሰበሰብ እማማ ዶርቃ አንዱን ራስ ቢልጡት ነጩ መሀል ቢጫ ፍሬ ገብቶበታል። ሌላውም እንዲሁ። ዘረ መሉ የተለወጠ እህል በሽታ ያመጣል ሲባል በሬዲዮ ሰምተው ነበርና ለልጅ ልጆቻቸው ፈሩ። በቆሎውን ይዘው ቢሮ ድረስ መጡ።

ሱፐርቫይዘሬ ቢጫነት የቀለም ጉዳይ ነው፣ ከዘረ መል መለወጥ ጋር አይገናኝም አለ። እውነቱን ነው። ቢጫ በቆሎ ድሮም ነበረ፤ የአበባውን ብናኝ ነፋስ ከማሳ ማሳ ይወስደዋል። ተለውጦም ቢሆን፣ ተመርምሮ የተፈቀደው ሰው አሳመመ የሚል ማስረጃ እንደማላውቅ ነገርኳቸው። ስለዚያ ጆንያ ግን መማል አልቻልኩም፤ የምናስመረምርበት ላቦራቶሪ አልነበረንም።

"እንግዲህ ልጄ፣ አንተ የማታውቀውን እኔ ለልጅ አላበላም" አሉኝ።

ምርቱን በሙሉ ለከብት ሰጡ፤ ለዘር የሚሆን እንኳ አላስቀሩም። ከዚያ በኋላ ከወንድማቸው ቤት ውሃም መቅመስ ተዉ። ጋሽ ጴጥሮስ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ላኩባቸው፤ እኔም ለመንኳቸው። እናቴ ያቆየችውን አጠፋብኝ ከማለት ሌላ መልስ የላቸውም። ሁለቱም በየደጃቸው ለብቻቸው ተቀምጠው አያቸው ነበር።

እንዲህ እንዳሉ ጋሽ ጴጥሮስ በወባ ሞቱ። ለቅሶው ላይ ንፍሮ ዞረ፤ ከሟቹ ማሳ የተሰበሰበ፣ ነጭና ቢጫው የተደባለቀ በቆሎ ነው። ሰው ሁሉ ወደ እማማ ዶርቃ ተመለከተ። እሳቸው እፍኝ ሙሉ ዘግነው ቃሙት።

"በሕይወት ሳለ ነበር ቤቱ ገብቼ መብላት የነበረብኝ" አሉ። ከድንኳኑ ወጥቼ አለቀስኩ።

ያ ነጭ ዘር ዳግም አልተገኘም። ለአዳዲስ ሠራተኞች የምነግራቸው ይህን ነው፦ የበቆሎ ብናኝ ድንበር አያውቅም። ዘሬ ንጹሕ ይሁንልኝ የሚል ገበሬ ካጋጠማችሁ፣ ሳይዘራ በፊት ከጎረቤቱ ጋር አስቀምጣችሁ ምን ዘር፣ መቼ እንደሚዘሩ አነጋግሯቸው።